በቆሎ በወላይታ ምድር፤ የዲቃላው ብርታትና የሚዛኑ ነገር

ከሶዶ ከተማ ተነሥቶ የዳሞት ፑላሳ ወረዳ መቀመጫ ወደ ሆነችው ወደ ሻንቶ የሚጓዝ ሰው፣ ወራቱ ሰኔ ወይም ሐምሌ ቢሆን፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ከሁሉ አስቀድመው ዐይኑን የሚስቡት ሁለት ዕፀዋት ናቸው፤ አንደኛው የየቤቱን ጓሮ ከብቦ የቆመው እንሰት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከእንሰቱ ጥላ ወጣ ብሎ በየደጁ የሚያረገርገው በቆሎ ነው። እንሰቱ የዚህ ምድር የጥንት ተወላጅ ነው፤ በቆሎው ግን ባሕር ተሻግሮ የመጣ መጻተኛ ነው፤ ሆኖም መጻተኛነቱ ከተረሳ ብዙ ዘመን ስላለፈው፣ የወላይታ ገበሬ ስለ «ባዳላ» ሲናገር ከቅድመ አያቶቹ እንደ ወረደለት ርስት አድርጎ እንጂ እንደ እንግዳ እህል አድርጎ አይደለም።

የዕፀዋትን ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ በቆሎ ከዘጠኝ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በደቡብ ምዕራብ ሜክሲኮ፣ በባልሳስ ወንዝ ሸለቆ፣ ቴኦሲንቴ ከሚባል የዱር ሣር ተለምዶ የወጣ ነው። ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1492 ወደ አሜሪካ ከደረሰ በኋላ፣ የፖርቱጋልና የእስፓኝ መርከቦች ወደየዳርቻው አደረሱት፤ ወደ ኢትዮጵያም በ16ኛው ወይም በ17ኛው መቶ ዓመት እንደ ገባ ይገመታል፤ በአንዳንድ አገርም «የባሕር ማሽላ» ተብሎ ይጠራል። ወደ ወላይታ ጓሮ የገባው ግን ማንም ባዘዘው ዐዋጅ ሳይሆን በራሱ ጠባይ ነው። ወላይታው በቤቱ ዙሪያ ያለውን፣ ፍግና አመድ የጠገበውን መሬት «ዳርኮዋ» ይለዋል፤ ከቤት ራቅ ያለውንና ፍግ የማይደርሰውን ደግሞ «ሾቃ» ይለዋል። በቆሎ ሆዳም ነውና ዳርኮዋውን መረጠ፤ ከእንሰቱ፣ ከጎመኑና ከጎደሬው ጎን ተቀመጠ።

እንሰት ታጋሽ ተክል ነው፤ ተፍቆ ቆጮ እስኪሆን ድረስ ዓመታት ይፈጃል። በቆሎ ግን በበልግ ዝናብ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ተዘርቶ፣ ጎታው ባዶ በሚሆንበት፣ እናት በልጆችዋ ፊት የምታቀርበውን በምታጣበት በሐምሌና በነሐሴ እሸቱ ይደርሳል። ተጠብሶ ይበላል፤ ተቀቅሎ ይበላል፤ የደረቀውም ቂጣና ገንፎ ይሆናል፤ ቦርዴም ይጠመቅበታል። እንግዲህ የበቆሎ ክብር በወላይታ ዘንድ መጀመሪያ የተመሠረተው በኩንታሉ ብዛት ሳይሆን በመድረሻው ዕለት መሆኑን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ የምናነሣው የሚዛን ነገር ሁሉ ከዚህ ጋር ይጋጫልና።

አሁን ከሻንቶ ወጥተን ጥቂት እንራቅ። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከራሳቸው ብናኝ ብቻ የሚፀንሱ ዕፀዋት እየደከሙ እንደሚሄዱ፣ ከባዕድ ጋር የተዳቀሉት ግን ቁመታቸውና ብርታታቸው እንደሚጨምር በብዙ ሙከራ አሳየ። የነገሩን ሥር በበቆሎ ላይ አጥርቶ የገለጠው ግን አሜሪካዊው ጆርጅ ሹል ነው። ይህ ሊቅ በኒው ዮርክ አጠገብ በኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር በቆሎን ከራሱ ጋር ብቻ ለትውልድ ለትውልድ ሲያፀንስ፣ አገዳው እየቀጠነ፣ ፍሬውም እየከሳ ሄደ፤ ሁለት እንዲህ የከሱ ዘሮችን ባዳቀለ ጊዜ ግን ልጃቸው ከሁለቱም ወላጆች እጅግ የበረታ፣ ከመጀመሪያው ያልከሳ በቆሎም የሚተካከል ወይም የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1908 አስታወቀ፤ ለብርታቱም በ1914 ሄትሮሲስ የሚለውን ስም አወጣለት። ምክንያቱን ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ ይበልጥ የሚቀበሉት ትምህርት ግን ከአንዱ ወላጅ የወረደውን ደካማ ባሕርይ ከሌላው የመጣው ብርቱ ባሕርይ ይሸፍነዋል የሚለው ነው።

የሹል ዲቃላ አንድ ትልቅ ችግር ነበረበት፤ እናቲቱ የከሳች ስለ ሆነች የምትሰጠው ዘር እጅግ ጥቂት ነው፤ ዋጋውም ለገበሬ የማይቀመስ ነው። ይህን ቋጠሮ እ.ኤ.አ. በ1917 አካባቢ በኮኔክቲከት የነበረው ዶናልድ ጆንስ ፈታው፤ ይኸውም ሁለት ዲቃላዎችን እንደ ገና እርስ በርሳቸው በማዳቀል ነው። ከዚያ በኋላ ሄንሪ ዋላስ የተባለ የአይዋ ሰው በ1926 የዲቃላ በቆሎ ዘር የሚሸጥ ኩባንያ አቋቋመ። ዋላስ ኋላ በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዘመን የእርሻ ሚኒስትር፣ ቀጥሎም ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ኩባንያው ግን ፓዮኒር በሚባል ስም ዓለምን ዞሮ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ በወላይታ ገበያ ሲሸጥ እናገኘዋለን።

ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የመጣው መንገድ ሌላ ነው። በኬንያ ደጋ፣ በኪታሌ የምርምር ጣቢያ፣ በአገሩ የተለመደው በቆሎ ከደቡብ አሜሪካ ተራሮች ከመጣ ኤኳዶር 573 ከሚባል ዘር ጋር በተዳቀለ ጊዜ ያልተጠበቀ ብርታት ታየ፤ ከዚህም ኤች-611 የተባለው ዲቃላ እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣ። በሮዴዥያም ኤስአር-52 የሚባለው ዲቃላ በ1960 ወጥቶ ነበር። በእኛም አገር የበቆሎ ምርምር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በጅማና በዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች ተጀምሮ፣ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በ1958 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ባኮ የበቆሎ ምርምር ዋና ማዕከል ሆነ። ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከሮዴዥያ የመጡት ዘሮች በዚያ ተፈተኑ፤ ጥቂቶቹም ለገበሬ ታደሉ።

ወላይታ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከብዙ አገሮች ቀድማ የገባችው ዋዱ በሚባለው ድርጅት ምክንያት ነው። የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድር እ.ኤ.አ. በ1970 ሶዶ ላይ ሥራውን ጀመረ፤ ሽማግሌዎቹ ዛሬም ዘመንን ሲቆጥሩ «በዋዱ ጊዜ» ይላሉ። ድርጅቱ በደጋው ለአነስተኛ ገበሬዎች የተመረጠ ዘርና የፋብሪካ ማዳበሪያ በብድር ሲሰጥ፣ በቆላው በአቤላና በበሌ ደግሞ ከተጣበበው ደጋ የወረዱ ሰዎችን ያሰፍር ነበር። በእኔ አስተያየት የዋዱ ትልቁ ሥራ መንገዱም ብድሩም አይደለም፤ በቆሎን ከዳርኮዋ ወደ ሾቃ ማውጣቱ ነው። ፍግ ያልደረሰው የውጭ ማሳ በከረጢት በመጣ ማዳበሪያ በቆሎ ማብቀል ቻለ፤ በዚያው መጠንም የወላይታ ገበሬ የከብቱ ጥገኛ ከመሆን ወደ ነጋዴው መጋዘን ጥገኛነት ተሸጋገረ። ከዚያ በኋላ ማዳበሪያ በጠፋ ወይም በተወደደ ቁጥር ሾቃው ይራቆት ጀመር። የ1966 ዓ.ም. አብዮት መጣ፤ የ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ፤ የ1977ቱ ረኀብ ወላይታን ክፉኛ መታ፤ በቆሎም ከእነዚህ ሁሉ ተርፎ ቆየ።

የአገራችን የመጀመሪያው የራስዋ ዲቃላ ቢኤች-140 እ.ኤ.አ. በ1988 ከባኮ ወጣ፤ ከአምስት ዓመት በኋላም፣ በ1993፣ ስሙ በገበሬው ቤት ሁሉ የገባው ቢኤች-660 ተከተለ። በዚያ ዘመን በባኮ በቆሎን በማዳቀል ሥራ ስማቸው የሚጠራው ሊቅ ዶክተር በንቲ ቶሌሳ ናቸው። ቢኤች-660 የሦስትዮሽ ዲቃላ ነው፤ ሁለት የከሱ ዘሮች ተዳቅለው ልጃቸው በሦስተኛው አባት ትፀንሳለች፤ በወላጆቹም ውስጥ ያ የኪታሌና የኤኳዶር ጋብቻ እንደ ገና ይታያል። በ1995 ቢኤች-540 ታከለበት። የዲቃላ ፊደላት በየገበሬው አፍ ላይ እንደ ሰው ስም የተለመዱት ያን ጊዜ ነው።

ነገር ግን አንድ ዲቃላ በረታ ሲባል ከማን በረታ ማለት ነው? በዚህ ነገር ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ብዙ ሰው ቁጥሩን ሰምቶ ሚዛኑን ሳይጠይቅ ስለሚያልፍ ነው። እናቲቱ በሄክታር 20 ኩንታል፣ አባትየውም 30 ኩንታል የሚሰጡ ናቸው እንበል፤ ዲቃላው 60 ኩንታል ሰጠ። የወላጆቹ አማካይ 25 ነውና ዲቃላው በመቶ 140 በለጠ ይባላል፤ ይህ ለዘር ተመራማሪው የባሕርይን ምሥጢር የሚያሳይ ልክ ነው። ከሁለቱ ወላጆች ከተሻለው ጋር ቢመዘን ግን ብልጫው በመቶ 100 ይሆናል። ገበሬው አስቀድሞ ከያዘው፣ 50 ኩንታል ከሚሰጥ ነባር ዲቃላ ጋር ቢመዘን ደግሞ በመቶ 20 ብቻ ነው። እነሆ አንዱ በቆሎ በአንድ ማሳ ላይ ቆሞ 140፣ 100 እና 20 ይባላል፤ ሦስቱም እውነት ናቸው፤ ከሦስቱ ለሻንቶ ገበሬ የሚጠቅመው ግን የመጨረሻውና ትንሹ ነው። የከሱት ወላጆች በማንም ጎታ ውስጥ አይገኙምና እነርሱን መብለጥ ለወላይታ ምንም አይፈይድም። ይህን የሚያውቁ አዳቃዮች ናቸው፤ ቁጥሩ ከጣቢያው ወጥቶ ወደ ስብሰባ አዳራሽ በገባ ጊዜ ግን ትልቁ 140 ቀድሞ ይናገራል።

የፍሬው ሚዛንም የራሱ ሥርዐት አለው። በሙከራው ማሳ መስመሮቹ 75 ሳንቲ ሜትር፣ ተክሎቹ 30 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው ይቆማሉ፤ ይህም በሄክታር 44 ሺህ ያህል አገዳ ነው። እያንዳንዱ ዘር በተለያዩ ቦታዎች በዕጣ ተደልድሎ በተደጋጋሚ ይዘራል፤ የመሬቱ ለምነት ለአንዱ እንዳያዳላ ነው። አዝመራው ሲሰበሰብ ያልተፈለፈለው በቆሎ ከነቆረቆንዳው ይመዘናል፤ ከክብደቱ በመቶ 80 ያህሉ ፍሬ ነው ተብሎ ይታሰባል፤ ከዚያም እርጥበቱ ይለካና ሁሉም በመቶ 12.5 እርጥበት ላይ ይተካከላል። እርጥበቱ በመቶ 20 የሆነ 100 ኪሎ ፍሬ በመጽሐፍ ላይ 91 ኪሎ ገደማ ብቻ ሆኖ ይጻፋል። ይህ ሁሉ ትክክለኛና ሐቀኛ ሥራ ነው፤ ውሃን በእህል ስም ከመሸጥ ይጠብቃል። ግን ልብ በሉ፤ በሐምሌ ለልጆች የተቆረጠው እሸት በዚህ ሚዛን ላይ ምንም ቦታ የለውም። ወላይታን ከረኀብ የሚያሻግረው ምግብ በሳይንሱ ዐይን ገና ያልደረሰ ፍሬ ነው።

ቢኤች-660 በምርምር ጣቢያ በሄክታር ከ90 እስከ 120 ኩንታል፣ በገበሬ ማሳ ደግሞ ከ60 እስከ 80 ኩንታል እንደሚሰጥ ተመዘገበ፤ ለመድረስ ግን 160 ቀን ይፈልጋል። በመጋቢት መጨረሻ የተዘራ ቢኤች-660 የሚሰበሰበው ወደ ጳጉሜ ተጠግቶ ነው። በበልግ ዘግይቶ መዝነም በሚፈተነው በወላይታ ምድር፣ በዚያው ማሳ ከበቆሎ በኋላ ስኳር ድንች መትከል በሚያስፈልግበት አገር፣ የረዘመው ዕድሜ ራሱ ዋጋ ነው። አንዱ ዲቃላ 20 ኩንታል ጨምሮ አንድ ወር ቢዘገይ፣ ሌላው ሳይጨምር ቀድሞ ቢደርስ፣ የትኛው በለጠ? የኩንታሉ መጽሐፍ ለመጀመሪያው ይፈርዳል፤ ጎታዋን የምታየው እናት ግን ለሁለተኛው ብትፈርድ አልተሳሳተችም።

ከሚዛኑ ውጭ ስለሚቀር ነገር ከጎጃም አንድ ምሳሌ ላምጣ። በ1990 ዓ.ም. በቡሬ አካባቢ ብርቱ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ፤ ኋላም ኢትዮጵያውያንና የውጭ ተመራማሪዎች ነገሩን ሲመረምሩ፣ የወባ ትንኝ እጭ በኩሬ ላይ የሚረግፈውን የበቆሎ ብናኝ ተመግቦ በፍጥነት እንደሚያድግና ትልቅ ትንኝ እንደሚሆን አገኙ፤ ዘግይቶ የሚያብበው ዲቃላም ብናኙን የሚያረግፈው ትንኙ በሚራባበት ወቅት ሆነ። ይህን የትኛው የምርት ሠንጠረዥ ያሳየናል? በቆሎን ልከስ አይደለም፤ ብዙ ሕዝብ ያጠገበ እህል ነው፤ ሆኖም ሠንጠረዡ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ መሆኑን ይህ ነገር በግልጥ ያስተምራል።

እ.ኤ.አ. በ1993 ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው ድርጅት ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ፣ ዘርና ማዳበሪያን በአንድ ጥቅል አድርጎ በግማሽ ሄክታር መሬት ለገበሬ ያሳይ ጀመር፤ ከጀርባውም የስንዴው ሊቅ ኖርማን ቦርሎግና የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ነበሩ። ውጤቱ መንግሥትን ስለ ማረከ ከ1995 ጀምሮ የአገሪቱ የኤክስቴንሽን ሥራ ሁሉ በዚህ ፈለግ ሄደ። ምርቱ በእውነት ጨመረ፤ የአገሪቱ የበቆሎ አማካይ ምርት እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ በሄክታር 16 ኩንታል ገደማ የነበረው፣ ከሃያ ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ከ30 ኩንታል አለፈ። ነገር ግን በ1994 ዓ.ም. በቆሎ በዛና ዋጋው ወደቀ፤ ለማምረቻ ያወጣውን እንኳ መመለስ ያልቻለ ገበሬ የማዳበሪያ ብድር ይጠየቅ ጀመር፤ በሚቀጥለው ዓመትም ድርቅ ሆነ። መጥገብ ሳያበለጥግ፣ ረኀብ ደግሞ በዓመቱ ተመለሰ። ያን ጊዜ የተሸጠው በሬ በኩንታል ሠንጠረዥ አይታይም፤ በወላይታ ደግሞ በሬ ብርቅ ነው።

ዲቃላ ከቀደሙት ዘሮች ሁሉ የሚለይበት አንድ ነገር ቀርቷል፤ ይኸውም ብርታቱን ለልጁ ሙሉ አድርጎ አለማውረሱ ነው። ከምርጡ አዝመራ ዘር መርጦ ለከርሞ ማስቀመጥ የጥንት ልማድ ነበር፤ በዲቃላ ጊዜ ግን በባህላዊው ምርጫ የተቀመጠው ዘር በሚቀጥለው ዓመት ሲዘራ ይወርዳል። ሁለት ንጹሕ ዘሮች ብቻ የተዳቀሉበት ከሆነ የብልጫው እኩሌታ ይጠፋል፤ ባነሣነው ምሳሌ 60 ኩንታል የነበረው ወደ 42.5 ይወርዳል ማለት ነው። የሦስትዮሹ ዲቃላ ጉዳት ቀለል ይላል፤ ብዙ ገበሬም ይህን ሳያነብ በማሳው ዐውቆት ዲቃላውን ለሁለተኛ ዓመት ይዘራዋል፤ ባለሙያው ይቈጣል፤ ገበሬው ግን የዘር ገንዘብ ባላገኘበት ዓመት የወረደው ዘር ከባዶ ማሳ እንደሚበልጥ ያውቃል። የዋላስ ኩባንያ ልጅ የሆነው ፓዮኒርም ሾኔና ሊሙ የተባሉ ዲቃላዎችን ይዞ በዚህ ገበያ ገባ፤ የሾኔ ስም ከወላይታ ጋር የምትዋሰነውን የሐዲያን ከተማ የሚያስታውስ ስለ ሆነ በአገሩ ሰው ጆሮ እንግዳ አልሆነም።

ደዌውም ከዲቃላው ጋር ተከትሎ መጣ። ግራጫ የቅጠል ነጠብጣብ የሚባለው በሽታ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በአገራችን ታየ፤ አደገኛው የበቆሎ አድራቂ በሽታ በ2014፣ የአሜሪካ መጤ ተምች ደግሞ በ2017 በደቡብ በኩል ገባ። ከአንድ ወገን ብቻ የሆነ ዲቃላ በሰፊው ሲዘራ አንዱን የያዘ ደዌ ሁሉንም ይይዛልና፣ ቢኤች-660ን የሚተካው ቢኤች-661 በ2011 መውጣቱ ስለ ምርት ብቻ የሆነ ሥራ አልነበረም።

ዲቃላ ዘር ለሄክታር 25 ኪሎ ይበቃል፤ ለግማሽ ሄክታር በ12.5 ኪሎ ተቋጥሮ መሸጡም የተለመደ ነው። በሻንቶ ዙሪያ መሬቱ ስለ ተጣበበ ግን አንድ ጥማድ ለበቆሎ ብቻ የሚለቅ ገበሬ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ሁለት ጎረቤት አንዱን ከረጢት ሊካፈል ይችላል፤ ወይም አንዱ ገበሬ በማሳው ግማሽ ዲቃላውን፣ በግማሹ ከጎታ የመረጠውን ይዘራል። የዘር ብዜት ሕግ በሁለት በቆሎ ዘሮች መካከል ቢያንስ 200 ሜትር ርቀት ይጠይቃል፤ በእነዚህ ጓሮዎች ውስጥ ግን 20 ሜትር እንኳ አይገኝም። የሾኔ ብናኝ ወደ ጎታው ዘር፣ የጎታውም ወደ ሾኔ በነፋስ ይሻገራል፤ ከሾኔም በፊት፣ ከዋዱ ጊዜ ጀምሮ፣ የመጪውና የነባሩ ዘር ብናኝ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ እንዲህ ሲሻገር ኖሯል። ስለዚህ ተመራማሪው ዛሬ ወደ ሻንቶ መጥቶ፣ አዲሱን ዲቃላ የሚመዝንበትን «የአካባቢ ዘር» ከአንዱ ሽማግሌ ጎታ ሲቀበል፣ በእጁ የሚይዘው የጥንቱን ባዳላ ሳይሆን የኪታሌና የኤኳዶር፣ ምናልባትም የአይዋ ደም የገባበትን የልጅ ልጅ ነው፤ ሚዛኑም በአንዱ ወገን የሚያኖረው ድንጋይ ራሱ በየዓመቱ የሚከብድ ነው።